የዓርብ ትርፍ ለአይሁዱ፣ የቅዳሜ ትርፍ ለሙስሊሙ

በዚህ ሰሌዳ ላይ ስለ መቻቻል ብዙ ተጽፏል። እኛም አንብበናል፤ አንዳንዱንም ወደነዋል። ይሁን እንጂ ቃሉ ራሱ እየቆየ ቅር ይለን ጀምሯል። "መቻል" በአማርኛችን ምን ማለት እንደሆነ እስቲ እናስበው። ሰው ሕመሙን ይችላል፣ ረኃቡን ይችላል፣ ነገረኛ ጎረቤቱን ይችላል። የሚቻለው ነገር ሁሉ ባይኖር የሚሻል ነገር ነው። ታዲያ ሃይማኖታቸው የተለያየ ሰዎች በአንድ ከተማ ሲኖሩ ከዚህ የተሻለ የሚያደርጉት ነገር የለም ወይ? ጥርስ ነክሶ ጎን ለጎን ከመቀመጥ በቀር አንዱ ከሌላው የሚማረው የለም ወይ? እኛ አለ እንላለን። አለ ብቻም ሳይሆን ተሠርቶበታል።

ለምሳሌ የምናነሣው አይሁዶችንና ሙስሊሞችን ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ዛሬ የሁለቱ ስም አብሮ ሲጠራ የምንሰማው በጦርነት ዜና ስለሆነ፣ ብዙዎቻችን ከጥንት ጀምሮ ሲጋደሉ ብቻ የኖሩ ይመስለናል። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መጻፋችንን አንባቢ ልብ ይበልልን።)

ነገሩን ከእጅ ባለሙያዎች እንጀምር። በ12ኛው መቶ ዓመት፣ በግብፅ ይኖር ለነበረ አንድ የአይሁድ ሊቅ እንዲህ ያለ ጥያቄ ቀረበለት። አይሁዶችና ሙስሊሞች በሽርክና የሚሠሩበት ሥራ ቤት አለ፤ ባንዱ ወርቅ ይነጠራል፣ በሌላው ብርጭቆ ይሠራል፤ መሣሪያው የጋራ ነው። አይሁዱ በቅዳሜ ሰንበቱ እጁን ከሥራ ያነሣል፤ ሙስሊሙ ደግሞ ዓርብን ለጁምዓው ይፈልገዋል። ስለዚህ ሸሪኮቹ ተነጋግረው የዓርብ ትርፍ ለአይሁዶቹ፣ የቅዳሜ ትርፍ ለሙስሊሞቹ እንዲሆን ተስማሙ። ይህ በሕጋችን ይፈቀዳል ወይ? ነው ጥያቄው። ሊቁም አይሁዱ ከቅዳሜው ትርፍ እስካልተካፈለ ድረስ ይፈቀዳል ብሎ መለሰ።

እንግዲህ ልብ እንበል። ማንም ሰንበቱን አልሻረም፤ ማንም ጁምዓውን አልተወም። "ሁላችንም አንድ ነን" የሚል ንግግርም አልተደረገም። ነገር ግን ይህን ውል ለመዋዋል አንዱ የሌላውን ሕግ አጥርቶ ማወቅ ነበረበት። ቀኑ መቼ ገብቶ መቼ እንደሚወጣ፣ ምን እንደሚከለከልና ምን እንደማይከለከል የማያውቅ ሰው እንዲህ ያለ ስምምነት ላይ ሊደርስ አይችልም። በየሠርጉ ለክርስቲያኑ ለብቻ፣ ለሙስሊሙ ለብቻ አርደን በአንድ ድንኳን የምንበላ ሰዎች ይህ ሊገርመን ባልተገባ ነበር።

ጥያቄው የቀረበለት ሊቅ ሙሳ ኢብን ማይሙን ነው፤ አውሮፓውያን ማይሞኒደስ ይሉታል። የተወለደው በእስፓኝ አገር በኮርዶባ ሲሆን፣ በ1148 አልሞሐዶች የሚባሉት ከተማዋን ሲይዙ ቤተሰቡ አገር ለቆ በመጨረሻ ግብፅ ገባ። እዚያም የሱልጣን ሳላሕ አዲን ባለሟል የነበረው አልቃዲ አልፋዲል ሐኪሙ አድርጎ ያዘው። ለአንድ ወዳጁ በጻፈው ደብዳቤ እንደሚተርከው፣ ጠዋት ካይሮ ቤተ መንግሥት ሲያክም ውሎ ከሰዓት በኋላ ተርቦ ቤቱ ሲደርስ፣ ግቢው በአይሁድም በሌላውም ወገን በሽተኞች ተሞልቶ ይጠብቀዋል። እስኪመሽ፣ አንዳንዴም ተጋድሞ መናገር እስኪያቅተው ድረስ ያክም ነበር።

ይህ ሰው ለአይሁድ ትልቁን የፍልስፍና መጽሐፍ የጻፈው በምን ቋንቋ ይመስላችኋል? በዐረብኛ ነው፤ ግን በዕብራይስጥ ፊደል። ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። የወሎ ሸኾች የአማርኛ መንዙማቸውን በዐረብኛ ፊደል ሲጽፉ ኖረው የለ! ሥራውን በ1204 ወደ ዕብራይስጥ ለመለሰለት ተርጓሚም፣ ሎጂክን መማር ከፈለግህ ከአልፋራቢ መጻሕፍት ውጪ በሌላ አትድከም ብሎ ጽፎለታል። አልፋራቢ ሙስሊም ነው። በሌላ መጽሐፉ መግቢያም ላይ አንድ የሚደንቅ ነገር ይላል። እዚህ ከጻፍሁት ብዙው ከሌሎች፣ አይሁድ ካልሆኑ ሊቃውንትም ጭምር የወሰድሁት ነው፤ እውነትን ማንም ይናገራት መቀበል ይገባል፤ የባለቤቶቹን ስም ያልጠራሁት ግን አንዳንዱ አንባቢ ስሙን ባየ ጊዜ ቁም ነገሩን እንዳይጥለው ብዬ ነው ይላል። ይህን ስናነብ እርስ በርሳችን ተያየን። እኛስ የተናጋሪውን ስም ሰምተን ስንቱን ቁም ነገር ጥለናል?

የቋንቋ ትምህርት ክፍል ጓደኞቻችንን በተለይ የሚመለከት ነገር አለ፤ እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። በ10ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ፣ በዚያው በኮርዶባ ይሁዳ ሐዩጅ የተባለ አይሁዳዊ የሰዋስው ሊቅ ነበር። ከእሱ በፊት የነበሩት የዕብራይስጥ ሊቃውንት አንዳንዱ ግስ ሁለት ፊደል ብቻ፣ አንዳንዱም አንድ ፊደል ብቻ ያለው ይመስላቸው ስለነበር ርባታው ይደበላለቅባቸው ነበር። ሐዩጅ የሙስሊም ሊቃውንት የቁርኣንን ቋንቋ ለመጠበቅ ብለው ያደራጁትን የዐረብኛ ሰዋስው ተማረ። ያንን ስልት ይዞ ወደ ዕብራይስጡ ሲመለስ የእያንዳንዱ ግስ ሥር ሦስት ፊደል መሆኑን፣ የጎደለ የመሰለው ፊደልም ደካማ ስለሆነ ተደብቆ እንጂ ጠፍቶ እንዳልሆነ አስረዳ። ከዚያ ወዲህ ኦሪት የምትነበብበት ሰዋስው መሠረት ይኸው ሆነ። እንግዲህ አስቡት፤ አይሁዱ የራሱን መጽሐፍ ይበልጥ የተረዳው የሙስሊሙን ሰዋስው ስለተማረ ነው።

ይህንኑ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ማሳየት ለእኛ ቀላል ነው። "ሰማ" የሚለውን ግስ እንጻፍ፤ በአማርኛ የሚታየን ሁለት ፊደል ነው። ግእዙን ስንጽፍ ግን "ሰምዐ" ይሆናል፤ ሦስተኛው ብቅ ይላል። ዐረቡ "ሰሚዐ" ይላል፣ አይሁዱ "ሻማዕ" ይላል። "ቤት" ስንል ዐረቡ "በይት"፣ አይሁዱ "ባይት" ይላል። "ሰላም"ን ማብራራት አያስፈልግም። ጠመኔና አምስት ደቂቃ ብቻ የሚጠይቅ ትምህርት ነው፤ ታዲያ አስተምሮን የሚያውቅ ሰው አለ? እኛ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍልን እስክንጨርስ አንድም ቀን አልሰማነውም።

ከመጽሐፍና ከሰዋስው አልፎ እስከ ጸሎት ድረስ የተማማሩ አሉ። የሙሳ ኢብን ማይሙን ልጅ አብርሃም አባቱ በ1204 ሲሞት ዐሥራ ስምንት ዓመት ገደማው ነበር፤ የእኛ ታናሽ ማለት ነው። በዚያ ዕድሜው የግብፅ አይሁዶች አለቃ ሆነ። ይህ አብርሃም የሱፊዎችን ትሕትናና የጸሎት ሥርዓት ሲመለከት ልቡ ተነካ። ስለዚህ ከጸሎት በፊት እጅና እግርን መታጠብን፣ በረድፍ በረድፍ ሆኖ መቆምን፣ መንበርከክንና በግንባር መስገድን ወደ ራሱ ምኩራብ አስገባ። ይህን ያደረገው ግን "ሙስሊም እንምሰል" ብሎ አልነበረም። እነዚህ ሥርዓቶች የጥንት የእስራኤል ነቢያት ሥርዓቶች ናቸው፤ እኛ በስደት ጥለናቸው ሱፊዎቹ አንሥተው ጠበቁልን ባይ ነው። ከእሱም በፊት፣ በ11ኛው መቶ ዓመት፣ ባሕያ ኢብን ፓቁዳ የተባለ የእስፓኝ አይሁዳዊ ስለ ልብ ግዴታዎች በዐረብኛ በጻፈው መጽሐፍ ከሱፊዎች ብዙ ወስዷል። መጽሐፉ ወደ ዕብራይስጥ ተተርጉሞ ዛሬም ሃይማኖተኛ አይሁዶች የሚያነቡት ነው።

አብርሃም ተቃዋሚ አላጣም፤ ያውም ከገዛ ወገኑ። "በሃይማኖታችን ላይ አዲስ ነገር እየጨመረ ነው" ብለው የከሰሱት አይሁዶች ክሳቸውን ያቀረቡት ለሙስሊሙ ሱልጣን ለአልማሊክ አልዓዲል ነበር። ነገሩ ያስቃል፤ አይሁዱን የሙስሊም ሥርዓት አስገባ ብሎ ለሙስሊም ዳኛ መክሰስ! እሱ ግን ማንንም አላስገደድሁም ብሎ መልሶ በሹመቱም በሥርዓቱም ጸና። በመኝታ ክፍላችን "የሌላውን ሃይማኖት የሚማር ሰው የራሱን ይጥላል" እያሉ ለሚከራከሩን ወንድሞችና እኅቶች ከዚህ ሰው የተሻለ መልስ የለንም። አብርሃም እስከ ዕለተ ሞቱ የአይሁዶች አለቃ ነበር።

አሁን ደግሞ ማር ብቻ እንዳናጎርስ። በዚያ ዘመን አይሁዱና ሙስሊሙ እኩል አልነበሩም። ገዥው ሙስሊሙ ነው፤ አይሁዱ ልዩ ግብር እየከፈለ፣ ዝቅ ብሎ የሚኖር ነው። በ1066 በግራናዳ ሕዝብ ተነሥቶ አይሁዳዊውን የንጉሡን ሚኒስትር ገደለ፤ ከእሱም ጋር ብዙ አይሁዶች በአንድ ቀን ታረዱ። ከላይ ያነሣናቸው አልሞሐዶችም አይሁዱንና ክርስቲያኑን ወይ ሃይማኖትህን ለውጥ ወይ ውጣ እስከ ማለት ደርሰው ነበር። የባግዳዱን ኢብን ከሙናን ታሪክ ደግሞ አስተማሪ የሚሆን ሰው ሁሉ ሊያውቀው ይገባል። ይህ ሰው በ1280 የአይሁድን፣ የክርስትናንና የእስልምናን እምነት ተራ በተራ የሚመረምር መጽሐፍ ጻፈ፤ የእያንዳንዱን ወገን ክርክር ባለቤቱ ሊያቀርበው እንደሚፈልገው አድርጎ ለማቅረብ ደከመ። ከአራት ዓመት በኋላ የባግዳድ ሕዝብ ይገደል ብሎ ተነሣበት። በቆዳ በተለበጠ ሣጥን ውስጥ ተደብቆ ነው ከከተማው የወጣው። ስለዚህ መማማር የሰላም ጊዜ ጨዋታ ነው የሚለንን ሰው አንቀበለውም። በክፉም ቀን ተሠርቷል፤ ዋጋም ተከፍሎበታል።

ይህን ሁሉ በምን አወቅን? ከፊሉን ያወቅነው ከቆሻሻ ክምር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በፉስጣጥ በቤን ዕዝራ ምኩራብ የፈጣሪ ስም ሊኖርበት ይችላል ተብሎ የማይጣል አሮጌ ወረቀት የሚከማችበት ጓዳ ነበር። በ1896 እና በ1897 ሰሎሞን ሼክተር የተባለ ሊቅ ከዚያ ከ190 ሺህ በላይ ቁራጭ ወደ እንግሊዝ አገር ወደ ካምብሪጅ ወሰደ። በኋላም ሽሎሞ ጎይታይን ዕድሜውን ሙሉ እነዚህን ቁራጮች ሲያነብ ኖሮ የነጋዴዎችን፣ የባልና ሚስቶችን፣ የሸሪኮችን ኑሮ ጻፈ፤ የወርቅ አንጥረኞቹንም ውል ለዘመናችን አንባቢ ያስተዋወቀ እሱ ነው። ከቁራጮቹ መካከል በዕብራይስጥ ፊደል የተገለበጠ ቁርኣን አለ። ማን ገለበጠው? ለምንስ ገለበጠው? አንድ አይሁዳዊ የጎረቤቱን መጽሐፍ በሚያነበው ፊደል ሊያነበው ፈልጎ መሆን አለበት። ለእኛ ከሁሉ ይልቅ ልባችንን የነካው ግን የሕፃናቱ ፊደል መማሪያ ነው፤ ሕፃናቱ ቀለም እንዲቀቡባቸው ጠርዛቸው ብቻ የተሣለ ትልልቅ ፊደላት አሉበት። የዛሬ አንድ ሺህ ዓመት ገደማ አንድ መምህር ተማሪዎቹ እንዳይሰለቹ ብሎ ተቀምጦ የሣለው የትምህርት መሣሪያ!

ስለ ሥነ ጥበቡ ባጭሩ እንለፍ። በ1008 በካይሮ የተጻፈ የዕብራይስጥ መጽሐፍ ቅዱስ አለ፤ ዛሬ በሩስያ በቅዱስ ጴጥሮስ ከተማ ይገኛል። ምንጣፍ የመሰሉ ጌጠኛ ገጾቹን ከቁርኣን ጌጣጌጦች አጠገብ ያስቀመጠ ሰው ዝምድናውን ወዲያው ያያል። በቶሌዶ በ14ኛው መቶ ዓመት የተሠራው ምኩራብ ግድግዳ ላይ የዕብራይስጥና የዐረብኛ ጽሑፍ አብሮ ተቀርጿል። በሞሮኮ ደግሞ "መጥሩዝ" የሚባል ዘፈን አለ፤ ትርጉሙ "የተጠለፈ" ማለት ሲሆን፣ በጥለት ላይ ክሮች እንደሚፈራረቁ ዐረብኛውና ዕብራይስጡ የሚፈራረቁበት ነው።

ሞሮኮን ካነሣን አይቀር፣ የእኛ እኩዮች የሠሩትን እንናገር። የሞሮኮ አይሁዶች የፋሲካቸው ሳምንት ሲፈጸም "ሚሙና" የሚሉት በዓል አላቸው። በዚያ ሳምንት እርሾ ያለው ነገር ከቤታቸው ስለሚወጣ፣ በዓሉ በገባ ማታ ዱቄቱንና ቅቤውን፣ ወተቱንና ማሩን ይዘው የሚመጡላቸው ሙስሊም ጎረቤቶቻቸው ነበሩ። በ20ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ከሁለት መቶ ሺህ በላይ የነበሩት አይሁዶች ወደ እስራኤልና ወደ ሌላ አገር ሄደው ዛሬ የቀሩት ጥቂት ሺህ ብቻ ናቸው። በ2007 በኢፍራን ከተማ ባለው አልአኸወይን ዩኒቨርሲቲ ሙስሊም ተማሪዎች በዚያው በዓል ስም ክበብ አቋቋሙ፤ አያቶቻቸው ያወሩላቸውን የአይሁድ ጎረቤት ታሪክ ራሳቸው ሊማሩት። በ2011 በዚያው ዩኒቨርሲቲ ናዚዎች በአይሁድ ላይ ስለ ፈጸሙት እልቂት ጉባኤ አዘጋጁ። በዚያው ዓመት የወጣው የሞሮኮ ሕገ መንግሥት የአገሪቱን ማንነት ካበለጸጉት ምንጮች አንዱ ዕብራዊው መሆኑን ጠቀሰ። በ2020 ደግሞ የአይሁድ ታሪክና ባህል በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንዲሰጥ ተወሰነ። የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን ቅር የሚል ነገርም አለበት፤ ጎረቤቱ ከሄደ በኋላ ነው መጽሐፉ የተከፈተው። እኛ ጎረቤቶቻችን ገና አልሄዱም።

በእስራኤልም ከ1998 ጀምሮ "እጅ ለእጅ" የሚባሉ ትምህርት ቤቶች አሉ። በአንድ ክፍል አይሁድና ዐረብ ልጆች፣ አብዛኞቹ ዐረቦች ሙስሊሞች ናቸው፣ አብረው ይቀመጣሉ። መምህራኑም ሁለት ናቸው፤ አንዱ በዕብራይስጥ አንዱ በዐረብኛ ያስተምራሉ። በኅዳር 2014 አክራሪዎች የኢየሩሳሌሙን ትምህርት ቤት አንደኛ ክፍል አቃጠሉ፤ ትምህርቱ ግን አልተቋረጠም። በጥቅምት 2023 በእስራኤል ላይ ጥቃት ተፈጽሞ፣ በጋዛም እጅግ ብዙ ሕዝብ ያለቀበት ጦርነት ከተከተለ በኋላ ግን እነዚያ ሁለት መምህራን ጠዋት ክፍል ሲገቡ ለልጆቹ ምን ይሏቸዋል? ብለን ብዙ ተከራክረናል። አንዳንዶቻችን "ትምህርቱ ጦርነቱን ካላስቀረ ምን ይጠቅማል?" ብለዋል። ሐቅ ነው፤ አላስቀረም። ነገር ግን ከአንድ ክፍል መምህር የሚጠበቀው ጦርነት ማስቀረት ነው ወይ? ሐኪሙ ሙሳ ኢብን ማይሙንም በሽታን ከዓለም አላጠፋም፤ ግቢው የገባውን አከመ። በአቡዳቢ በ2023 የተከፈቱትን መስጊድ፣ ቤተ ክርስቲያንና ምኩራብ ፎቶግራፋቸውን አይተናል፤ ምኩራቡም በዚሁ ሊቅ ስም ተሰይሟል። ያምራሉ። ሆኖም ሦስት የሚያማምሩ ሕንጻዎች አጠገብ ለአጠገብ ቆመው ከምናይ ሁለት መምህራን በአንዲት ጠባብ ክፍል ቢገኙ እንመርጣለን።

ወደ ራሳችን እንምጣ። በ1995 ሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ ሆኖ እንዲሰጥ ያዛል፤ ልክ ነው እንላለን። እኛ ሃይማኖት ይሰበክ አላልንም። የሐዩጅ ሰዋስው ስብከት አይደለም፤ የሽርክናው ውልም አይደለም። ዳሩ ግን በሚቀጥለው ዓመት በየወረዳው ስንመደብ ከፊት ለፊታችን ከሚቀመጡት ልጆች ገሚሶቹ በረመዷን ይጾማሉ፣ ገሚሶቹ በዐቢይ ጾም። ስለ አንዱ ወገን ምንም የማናውቅ ከሆነ የፈተና ቀን እንኳ በሥርዓት መመደብ አንችልም።

ስለዚህ የተከበሩ መምህራኖቻችንን አንድ ነገር እንለምናለን። በመጪው የማስተማር ልምምድ የቋንቋና የኅብረተሰብ ሳይንስ ሠልጣኞች ሁለት ሁለት ሆነን እንድንዘጋጅ ይፈቀድልን። ክርስቲያኑ ስለ ሐረር የቁርኣን ጽሕፈትና ድጉሰት ወይም ስለ መንዙማ የትምህርት ዕቅድ ያውጣ፤ ሙስሊሙ ስለ ቅዱስ ያሬድ ዜማ ምልክቶች ወይም ስለ ቅኔ። ዕቅዱን መጀመሪያ የሚያርመው ባለቤቱ ይሁን፤ ይኸውም የሐረሩን ሙስሊሙ፣ የያሬዱን ክርስቲያኑ። "ይህ እኛ የምንለው አይደለም" ብሎ የሰረዘው ዐረፍተ ነገር ይሰረዝ። ውጤት ከዚያ በኋላ መምህሩ ይስጥ።

አሥራ አንድ ሆነን ተስማምተናል፤ ሙስሊሞቹ አራት ብቻ ስለሆኑ ግን ጥንዱ አልሞላልንም። ስም መጻፊያው ወረቀት ከዚህ ጽሑፍ በስተቀኝ በስፒል ተሰክቷል። የምንሰበሰበው ሐሙስ ከቀኑ 10 ሰዓት በቤተ መጻሕፍቱ በስተጀርባ ነው፤ በመጀመሪያ ዓርብ ብለን ነበር፣ ጁምዓ መሆኑ ትዝ ያላት የክርስቲያኗ ጓደኛችን ናት።